ስልሳ ስምንት ሊትር

ይህን ታሪክ "ፈጠራ ነው" የሚል ሰው ካለ አልጣላውም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ደርሶብኛል።

እሁድ ቀን ነው። ባለፈው ጥቅምት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አስራ ሁለት ሰዓት እስኪሆን... ቃሊቲ፣ ብርድ ልብስ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ጓሮ ውስጥ።

ሌሊት አልነበረም። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ስሜ ዘአማኑኤል ይባላል። በትምህርቴ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። በእንጀራዬ ግን ቦይለር ጠጋኝ ነኝ። አብረውኝ የተመረቁት ልጆች "ዜድ ጭስ ቤት ገባ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በኋላ መሳቁንም ተውት፤ መደወሉንም ተውት።

ቦይለር ለማታውቁ... አግድም የተኛ ትልቅ የብረት በርሜል በሉት። ውሃ ይሞላበታል፣ እሳት ይለቀቅበታል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ሄዶ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሰዋል። በዓመት አንዴ እሳቱ ይጠፋና ውሃው ይፈስሳል። ከዚያ ሰው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ብረቱ ላይ የጋገረውን የውሃ ኖራ ይፍቃል።

የሚገባበት በር የእንቁላል ቅርጽ አለው። ትከሻ የሚያሳልፈው በግድ ነው።

ከኤሌክትሪክ ለምን እንደወጣሁ ሳልነግራችሁ የቀረውን ብነግራችሁ አይገባችሁም።

በኤሌክትሪክ ሥራ አንድ ሕግ አለ። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ መጀመሪያ ኃይሉን ያጠፋል፤ ከዚያ ማጥፊያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል። ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ጓጉንቸር ካለ ሰው አለ ማለት ነው። የፈለገ ቢሆን አይነካም።

የዛሬ አራት ዓመት፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ በሌላ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ነበርኩ። ሁሉም ቤቱ ሊገባ ቸኩሏል። እኔም ቸኩያለሁ። ጓጉንቸሮቹ ሁሉ ተነሥተው አንድ ብቻ ቀረ።

ከሥሬ ይሠራ የነበረው የካሳሁን ነው።

ደወልኩለት፤ አያነሳም። ጮክ ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ሰዎቹ ደግሞ፣ ዶሮ ልገዛ ብሎ በጊዜ ወጥቷል፣ ረስቶት ይሆናል አሉኝ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ሰው የለም።

ጓጉንቸሩን በመጋዝ ቆረጥኩት።

ኃይሉን ለቀቅኩት።

ካሳሁን አልወጣም ነበር...

የአደጋውን ፎርም የሞላሁት እኔው ነኝ። ዕድሜ፣ ሠላሳ አራት። ክብደት፣ ስልሳ ስምንት ኪሎ። የሞተ ሰው ክብደት ምን እንደሚያደርግላቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም። ቢቀስሩብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የቤቴን መብራት እንኳ ሳላበራ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። እጮኛዬ ዓመት ያህል ታገሠችኝ፤ ከዚያ ከግድግዳ ጋር መኖር አልችልም ብላ ሄደች። አልፈርድባትም። ገላን ኮንዶሚኒየም አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ቀረሁ። ብቻ መሆን መጥፎነቱ ምን መሰላችሁ፤ የምትታመሙ ቀን አይደለም። ደህና የሆናችሁ ቀን ነው። ለማን ይነገራል?

ጋሽ ሂርጳን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። አቃቂ በሰቃ ትንሽ ወርክሾፕ ነበረቻቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ቦይለር ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው የቆመበት መሬት ራሱ የአባታቸው ጤፍ ማሳ ነበር። አስተምሩኝ አልኳቸው። የኢንጂነር እጅ ለስላሳ ነው ብለው አሾፉብኝና ተቀበሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ያሳዩኝ ነገር ዳዶዎቹን ነው።

የቦይለሯን በር የሚያጠብቁት ሁለት ቡሎኖች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ጡጫ የሚያህሉ ሁለት ዳዶዎች ይገባሉ። ሥራው የሁለት ሰው ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ አንድ ዳዶ ኪሱ ይከታል። ዳዶ ከጎደለ በሩ አይዘጋም።

"ዳዶ የጎደለ ቀን ሄደህ አትፈልገው" አሉኝ። "በሩ ላይ ቁጭ በል። የያዘው ሰው በእጁ ያወጣዋል።"

ያን ዕለት ከሳቸው ዞሬ አለቀስኩ። ሰው በዚህ ቀላል ነገር ይተርፋል እንዴ ብዬ።

ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። እሳቸው የግራውን ዳዶ፣ እኔ የቀኙን። ባለፈው መስከረም ዓይናቸው ደከመና ቱሉ ዲምቱ ልጃቸው ቤት ገቡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ... እንደገና።

ወደ እሁዷ እንመለስ።

እሳቱ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ብዙወርቅ ረዳት ሰው እንሰጥሃለን ብለው ነበር፤ ማንም አልመጣም። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና የበሩ ጥበቃ አደሴ ብቻ ነን። ማሽኖቹ ዝም ብለዋል። ከግንቡ ውጭ የጭነት መኪኖች ያልፋሉ፤ ከሩቅ የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል።

የቀኙን ዳዶ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። የግራውን ፈትቼ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት።

ሁለቱንም መያዝ ነበረብኝ። ልማድ ሆኖ ተውኩት። የግራው የጋሽ ሂርጳ ነው።

በሆዴ ተስቤ ገባሁ።

ውስጡ ጠባብ ነው፤ መቆም የለም፣ መንበርከክ ብቻ። ግንባሬ ላይ ባትሪ አስሬ መፋቅ ጀመርኩ። ክርር... ክርር... ክርር... ከብረቱ ማሚቶው ይመለሳል።

ሳቆም ማሚቶው አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይፍቃል።

መጀመሪያ አልገረመኝም። ብረት ነው፣ ይጮሃል። ሆን ብዬ እየቆምኩ አዳመጥኩ።

ክርር...

እኔ ቆሜያለሁ።

እዚያ ውስጥ እሳቸውን ማናገር ልማዴ ስለሆነ "ጋሽ ሂርጳ?" አልኩ። ከዚያ በራሴ ሳቅኩ። ሳቄ እዚያ ውስጥ ደስ አይልም ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ዳር ወዳለው ጥግ ደረስኩ። የግራው ጥግ ነው፤ ሌላ ጊዜ እሳቸው የሚፍቁት። ገና አልነካሁትም።

ተፍቋል።

ብረቱ ነጥቶ ያበራል። የኖራው ዱቄት ገና እየረገፈ ነበር...

ድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ሞኝ ነው። ራሴን እንዲህ አልኩት፤ "ቅድም ፍቀኸው ይሆናል፣ ረስተኸው ነው።" ረስቶት ነው። ይህን ቃል ከዚህ በፊት የት እንደሰማሁት ሳስብ ላብ አጠመቀኝ።

ተስቤ ወጣሁ። አምስት ሰዓት ተኩል።

መደቡ ላይ ዳዶ የለም።

መደቡን አየሁ፣ ከሥሩ አየሁ፣ ኪሴን አየሁ። አንድ ብቻ። የቀኙ።

አደሴ ጋ ሄጄ ሰው ገብቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። ከጠዋት ጀምሮ ካንተ በቀር ማንም አልገባም፣ ኢንጂነር፤ ዝንብ እንኳ አስፈርሜ ነው የማስገባው አለችኝ። አልሳቅኩም። ፊቴን አይታ እሷም ሳቋን ዋጠችው።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ጋ ደወልኩ። ክፉ ሴት አይደሉም። ነገ ጠዋት ሦስት መቶ ሠራተኛ ይገባል፣ እንፋሎት ከሌለ ሁሉም ተመልሶ ቤቱ ይሄዳል፣ አንተም የመጨረሻ ዕድልህ እንደሆነ ታውቃለህ አሉኝ። አውቃለሁ። ከጋሽ ሂርጳ በኋላ ብቻዬን መሥራት እንደምችል ገና አላመኑም። ይህ ሥራ ከሄደ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

"አንድ ዳዶ እኮ ነው፣ ዘአማኑኤል። ከስቶር ሌላ ውሰድ።"

አንድ ጓጉንቸር እኮ ነው...

በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ ባትሪ አበራሁ። ግራ፣ ቀኝ። "ሰው አለ?" ብዬ ሦስት ጊዜ ተጣራሁ።

ዝም።

ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነበረብኝ። ግን ማንን? የሌለን ሰው ይጠበቃል?

ከስቶር ሌላ ዳዶ አመጣሁ። በሩን ዘጋሁ። በመፍቻ አጠበቅኩት። ክንዴ ያንን አጠባበቅ ያውቀዋል፤ መጋዝ ከመግፋት አይለይም።

ፓምፑን አስነሥቼ ውሃ መሙላት ጀመርኩ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

የውሃው ቧንቧ ላይ ቆጣሪ አለ። ጋሽ ሂርጳ በየዓመቱ ቦይለሯ እስከ ቀዩ ምልክት ድረስ ስንት ሊትር እንደምትጠጣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። አምስት ሺህ አራት መቶ አስራ አንድ። በዓመቱም አምስት ሺህ አራት መቶ አስራ አንድ። አንዴ ብቻ መጨረሻውን አስራ አንድ ሳይሆን አስር ብለዋል። የእናት ሆድ ልጇን አይረሳም ይሉ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ቀዩ ምልክት ደረሰ። ፓምፑን አጠፋሁ። ቆጣሪውን አየሁ።

አምስት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሦስት።

ቧንቧውን ፈተሽኩ፣ የውሃውን ልክ የሚያሳየውን መስታወት አጠብኩ፣ ቆጣሪውን መታ መታ አደረግሁ። ሁሉም ልክ ነው። ያልገባው ውሃ ስልሳ ስምንት ሊትር ነው።

መሐንዲስ ነኝ። ውሃ የማይገባው ቦታውን ሌላ ነገር ሲይዝበት ነው። የሰው ገላ ደግሞ ከውሃ እምብዛም አይከብድም፣ እምብዛም አይቀልም። አንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ነው...

ስልሳ ስምንት።

ያንን ቁጥር በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነው። እሳት የለም። ፓምፕ የለም። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ዝም ብሎ መቆም አለበት።

ከፍ አለ... ዝቅ አለ።

ከፍ... ዝቅ...

ተኝቶ እንደሚተነፍስ ሰው።

ለጋሽ ሂርጳ ደወልኩ። ቁጥሩን ነገርኳቸው።

"ዳዶው የት ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ጠፋ።"

"በምን ዘጋኸው?"

ዓይኔ ከስቶር ባመጣሁት ዳዶ ላይ አረፈ።

"ልጄ... በሌላ ዘጋኸው?"

"ውስጡን አይቻለሁ ጋሽ ሂርጳ። ማንም የለም።"

"አይተህ ነው የዘጋኸው። ጠብቀህ አይደለም።" ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "እሳት እንዳትለኩስ። ክፈተው።"

"የሚወጣው ማነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የኔ አይደለም። በኔ ጊዜ ሞልታ ነበር የምትጠጣው።"

ስልኩ ተዘጋ።

ውሃውን ለቀቅኩት። አንድ ሰዓት ያህል ፈሰሰ። እስኪያልቅ አንድም ጊዜ ከመስታወቱ ዓይኔን አላነሣሁም። ከዚያ በሩን ከፈትኩት፤ እርጥብ የብረት ሽታ ፊቴን መታኝ። ባትሪ አላበራሁም። ማየት ሳይሆን መጠበቅ ነው የተባልኩት።

በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

አስር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ውስጡ አንድ ቦታ ውሃ ጠብ... ጠብ... ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ምላሴ ላይ መጣ። የካሳሁን ቀብር ላይ እንኳ ከኋላ ቆሜ ነው የተመለስኩት፤ እናቱን ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

"ካሳሁን" አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም። "እኔ ነኝ። ዘአማኑኤል።"

ጠብታው ቆመ።

"ቸኩዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ያኔም ዛሬም ቸኩዬ ነው።"

እንባዬ ይወርድ ነበር። አላፈርኩበትም፤ ማን ያየኛል?

"አሁን አልቸኩልም። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም። እስክትወጣ እዚሁ ነኝ... ውጣና አብረን ወደ ቤት እንሂድ።"

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ብዙወርቅ ናቸው፤ ለኮስከው ወይ ይላሉ። ፊቴን ለአፍታ አዞርኩ። እየደረስኩ ነው አልኳቸው። ሦስት ቃል እንኳ አልሞላም።

ስመለስ ዳዶው የበሩ አፍ ላይ ተቀምጧል።

በውስጥ በኩል።

እጄን ሰድጄ አነሣሁት። ውሃ ያንጠባጥባል። የቦይለሯ ብረት በረዶ ነው፤ ዳዶው ግን ሞቃት ነበር። ከሰው ኪስ እንደወጣ ነገር ሞቃት።

አልሮጥኩም። ለምን እንዳልሮጥኩ አላውቅም። ከፍርሃቱ ይልቅ እፎይታው በለጠብኝ መሰለኝ። በሩ ላይ ጥቂት ቆየሁ፤ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው ገለል ብዬ። ከዚያ በሩን በራሱ በሁለቱ ዳዶዎች ዘጋሁት።

እንደገና ሞላሁት። ፓምፑ ሲሮጥ ልቤ አብሮት ይሮጣል። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ውሃው ቀዩ ምልክት ደረሰ።

አምስት ሺህ አራት መቶ አስራ አንድ።

ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እሳቱን ለኮስኩት። በቀስታ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ጋሽ ሂርጳ እንዳስተማሩኝ። ጭስ ማውጫው ተነፈሰ። ለሌሊቱ ፈረቃ ኦፕሬተር አስረክቤ ወጣሁ። ወይዘሮ ብዙወርቅም ሥራው ያንተ ነው ብለው መልእክት ላኩልኝ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። አስፋልቱ ዳር ሰው እንደ ጉድ ነው፤ ከእስር ቤት ጥየቃ የሚመለሱ እናቶች ባዶ ሳህን ይዘው ታክሲ ይጠብቃሉ፣ ሎንችናው ይጮሃል። ስንት ጊዜ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ያለፍኩበት መንገድ ነው። ያን ቀን ግን ቀና ብዬ ሄድኩ። ሰው ማናገር አማረኝ። ማንንም ይሁን።

የባቡሩ ፌርማታ ሥር አንዲት ሴትዮ ሚዛን ዘርግተው ተቀምጠዋል። መንገደኛ እየመዘኑ የሚኖሩ ናቸው። ጨርቃቸውን እያጠፉ ነበር።

"የመጨረሻ ሰው ልሁንልዎት እናቴ" አልኳቸው።

ፈገግ አሉና ሚዛኑን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ወጣሁበት።

መርፌው ሄደ... ሄደ... ቁጥሩን እሳቸው እስኪነግሩኝ ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

እሳቸው ቁጥሩን አላዩም። ከትከሻዬ ኋላ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ነገር ነው የሚያዩት። አልፈሩም። ልጆቿን እንደምትቆጣ እናት ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ኧረ ልጆች፣ ሚዛኑን ታበላሹብኛላችሁ። አንድ በአንድ ውጡ።"